«ላይ ላይ ነው» የተባለው ደም ስር ላይ ላይ አይደለም!

ዛሬ የምጽፈው ትንሽ ተቆጥቼ ነው።

አንዲት አራስ በወለደች በ12ኛ ቀኗ ግራ እግሯ አብጦ ወደ እኛ መጣች። ቤት ውስጥ «ብርድ ነው» ተብሎ ሦስት ቀን በቅቤ ታሽታለች። አልሻል ሲላት አንድ ክሊኒክ ሄዳ አልትራሳውንድ ተነሳች። ውጤቱ ላይ «ሱፐርፊሺያል ፌሞራል ቬይን ውስጥ የረጋ ደም አለ» ተብሎ ተጽፏል። ያነበበው ባለሙያ ግን «ሱፐርፊሺያል ማለት ላይ ላይ ያለ ማለት ነው፣ አያሰጋም» ብሎ የሕመም ማስታገሻ ሰጥቶ ሸኛት። እኛ ጋ ስትደርስ ጥቂት እርምጃ ስትራመድ ትንፋሽ ያጥራት ነበር። የረጋው ደም ሳንባዋ ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ደህና ናት፣ ልጇንም ታጠባለች። የተረፈችው ግን ለጥቂት ነው።

ይህችን እናት ሊገድላት የነበረው የመድኃኒት እጦት አይደለም። ሁለት የተሳሳቱ ስሞች ናቸው።

የመጀመሪያው ስሕተት የእኛ የሐኪሞቹ ነው። ፌሞራል ቬይን ከጉልበት በላይ ጀምሮ በጭን ጡንቻዎች መካከል አልፎ እስከ ብሽሽት የሚዘልቅ ትልቅ ደም መልስ ነው። የእግራችን ደም ወደ ልብ የሚመለስበት አውራ ጎዳና በሉት። ከቆዳ ሥር የሚታይ ሳይሆን ጥልቅ ደም ስር ነው። እዚያ የረጋ ደም ከተቆረሰ በሆድ ውስጥ ባለው ትልቁ ደም መልስ አድርጎ ወደ ልብ፣ ከልብም ወደ ሳንባ ይሄዳል።

ታዲያ ለምን «ሱፐርፊሺያል» ተባለ? ከአጠገቡ ይበልጥ ወደ ውስጥ የገባ ሌላ ደም ስር ስላለ፣ ከእሱ ለመለየት ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ ይህ ስያሜ ሰው ሊገድል የሚችል ስሕተት መሆኑን አስጠንቅቋል። ጥያቄ ከቀረበላቸው ሐኪሞች ብዙዎቹ በዚህ ደም ስር ውስጥ ደም ረግቶ ቢያገኙ የደም ማቅጠኛ እንደማያዝዙ ነበር የመለሱት። በ2002 የወጣው ዓለም አቀፍ የስያሜ ስምምነትም «ፌሞራል ቬይን» ብቻ ተብሎ እንዲጠራ አደረገ። ዛሬም ግን አሮጌውን ስም ውጤት ወረቀት ላይ እናየዋለን። የሙያ አጋሮቼ፣ እባካችሁ ይህን ቃል ከወረቀታችሁ ላይ አውጡት!

ሁለተኛው የተሳሳተ ስም «ብርድ» ነው። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ ብርድ፣ ምች፣ ወለምታ እንላለን፤ ከዚያ እሽት ይከተላል። የረጋ ደም ያለበትን እግር ማሸት ግን ደሙን ከተጣበቀበት አላቆ ወደ ሳንባ ሊልከው ይችላል።

«ዶክተር፣ እናቶቻችን ስንቱን አሽተው አድነዋል እኮ» የምትሉ አላችሁ። እውነት ነው፣ የዛለ ጡንቻ ታሽቶ ይፍታታል። የዳኑት ግን የረጋ ደም ያልነበረባቸው ናቸው። ድንገት ያረፈች አራስ ስትኖር ደግሞ «ምች መታት» ብለን እንቀብራለን እንጂ፣ ከማታው እሽት ጋር የሚያያይዘው የለም።

አራስ ለምን? በእርግዝና ጊዜ ሰውነት ለወሊድ መድማት ሲዘጋጅ ደም በቀላሉ እንዲረጋ ያደርጋል። ማሕፀንም ደም መልሶችን ይጫናል፤ በተለይ የግራውን። ከወሊድ በኋላ ያሉት 6 ሳምንታት ደግሞ አደጋው የሚበረታበት ጊዜ ነው። በኦፕራሲዮን የወለደች ከሆነ ይብሳል። በዚህ ላይ «አራስ አትነሳም» ብለን አልጋ ላይ እናውላታለን። ገንፎውም አጥሚቱም ይቅረብ፣ ግን እናቲቱ ተነስታ ትንቀሳቀስ!

ምን እናድርግ?

👉 ሁለቱም እግር እኩል ካበጠ ምክንያቱ ብዙ ነው፣ ተመርመሩ። አንዱ ብቻ ካበጠ፣ ባቱ ወይም ጭኑ ካመመ፣ ከሞቀ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ። ሁለቱን ባት በሜትር ለኩ፤ ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ልዩነት ካለ ትልቅ ምልክት ነው። ልዩነቱ ከዚያ ቢያንስም አትዘናጉ።

👉 ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሳል ወይም ራስን መሳት ካለ ነገን አትጠብቁ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል!

👉 በምንም ዓይነት አትሹት።

👉 ውጤታችሁ ላይ «ሱፐርፊሺያል ፌሞራል ቬይን» የሚል ካያችሁ «ይህ ጥልቅ ደም ስር አይደለም ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ድፍረት አይደለም፣ መብታችሁ ነው።

👉 በአካባቢያችሁ ዶፕለር አልትራሳውንድ ባይኖርም ሂዱ። ሐኪሙ በጣም ከጠረጠረ ምርመራው እስኪደርስ የደም ማቅጠኛ መርፌ ሊጀምር ይችላል።

👉 መድኃኒቱ አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ለ3 ወር ይወሰዳል። እብጠቱ ጎደለ ብላችሁ አታቋርጡ። «ጡት ስለማጠባ ፈራሁ» የምትሉ እናቶች፣ ሄፓሪንም ሆነ ዋርፋሪን እያጠባችሁ መውሰድ ይቻላል። ለሐኪማችሁ ማጥባታችሁን ንገሩ እንጂ በራሳችሁ አታቁሙ።

ይህን ጽሑፍ በተለይ አራስ ለሚጠይቁ እናቶችና አክስቶች አንብቡላቸው። ቅቤውን ለገንፎው አድርጉት፤ ያበጠውን እግር ግን ለሐኪም ተዉት።

መልካም ጤና!