ማን ይምረጥልን?

የዛሬው የአማርኛ ዜና ተከታታይ የሚቸገረው ወሬ አጥቶ አይደለም፤ በዝቶበት ነው። የዩቲዩቡ «ሰበር ዜና»፣ የፌስቡኩ ክርክር፣ በቤተሰብ ግሩፕ የሚዞረው መልእክት በአንድ ስልክ ላይ ይሻማል። ኸርበርት ሳይመን የተባለው አሜሪካዊ ምሁር መረጃ ሲትረፈረፍ የሚያጥረው የሰው ትኩረት መሆኑን የጻፈው ገና እ.ኤ.አ. በ1971 ነበር።

ብዙዎች ያገኙት መፍትሔ መርጦ የሚያቀርብላቸው መከተል ነው። ቴሌግራም እ.ኤ.አ. በ2015 ቻናል ሲጀምር ለዚህ ሥራ ተስማሚ መድረክ ከፈተ፤ ቲክቫህ ኢትዮጵያን የመሰለ ቻናል ከሚሊዮን በላይ ተከታይ አፍርቷል። የመሥሪያ ቤት መግለጫ፣ የፈተና ውጤት፣ የክልል ዜና በአጭር ጽሑፍ በአንድ ቦታ ይገኛል።

ጥቅሙ ቀላል አይደለም። ጽሑፍ እንደ ቪዲዮ ዳታ አይበላም። ቤይሩት ወይም ዱባይ በሰው ቤት ተቀጥራ ለምትሠራ፣ ስልኳን የምታየው ሥራ ጨርሳ ለሆነ ሴት፣ የአገሯን ውሎ በጥቂት ደቂቃ ማወቅ ትልቅ ነገር ነው። ቻናሉ ልጥፎቹን በጊዜ ቅደም ተከተል ያሳያል፤ አንባቢውን ሰልሎ የሚያስቆጣውን ወደ ላይ አያመጣም።

በሌላ ወገን ያሉትም እውነት አላቸው። መራጩ ያስቀረውን ዜና አንባቢው አያየውም፤ ስለማያየውም አይጠይቅም። አንዱ የለጠፈውን አምስቱ ሲገለብጡት ደግሞ አንድ ምንጭ አምስት ምስክር ይመስላል። ቦታው ድረስ ሄዶ፣ ደውሎ፣ አጣርቶ የዘገበው ጋዜጠኛ ስሙ ሳይጠቀስ ሲቀር አንባቢም ገቢም ያጣል፤ እሱ ሥራውን ካቆመ መራጩም የሚመርጠው አይኖረውም።

ታዲያ ሁሉም ለራሱ ይምረጥ? ነፃነቱ ደስ ይላል። ተቃራኒ አቋም ያላቸውን ሁለት ዘገባዎች አስተያይቶ የሚያነብ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ነገር ግን ይህ ጊዜ፣ ገንዘብና ልምድ ይጠይቃል። ደግሞም «ራሴ መረጥኩ» የሚለው ብዙ ጊዜ የተመረጠለትን ነው የሚያነበው፤ ፌስቡክን ከፍቶ ወደ ታች ሲወርድ ቀድሞ የሚመጣለትን የሚወስነው አልጎሪዝሙ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ትልልቅ መድረኮችን በተጠቃሚው የግል መረጃ ላይ ያልተመሠረተ አማራጭም እንዲያቀርቡ በሕግ ያስገደደው ያለ ምክንያት አይደለም። የሚከታተሏቸውን ድረ ገጾች ራሳቸው መርጠው በጉግል ሪደር ያነቡ የነበሩ ሰዎችም፣ ኩባንያው አገልግሎቱን እ.ኤ.አ. በ2013 ሲዘጋው ሌላ መፈለግ ግድ ሆኖባቸዋል።

ስለዚህ ልዩነቱን የሚያመጣው ዜናው የሚፈለግበት ጉዳይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ እንውሰድ። ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ መደንገጉን ለማወቅ የቻናሉ ሦስት መስመር ይበቃል። ከአከራዩ ጋር የተጣላ ተከራይ ግን ውል የሚቋረጥባቸውን ሁኔታዎች ከአዋጁ ከራሱ ማንበብ አለበት፤ የተጠቃለለው ዜና እዚያ ድረስ አይዘልቅም። ገንዘብ ለመላክ፣ መንገድ ለመጀመር ወይም በአንድ ወገን ላይ ለመፍረድ ያነሳሳን ዜናም እንዲሁ ነው። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» የሚባለው ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው።

ለቀረው የዕለት ወሬ መራጭ ማመን ስንፍና አይደለም፤ መራጩን ሳይመዝኑ ማመን ግን ስንፍና ነው። መመዘኛው ከባድ አይደለም፦ ምንጩን ይጠቅሳል? ሲሳሳት በግልጽ ያርማል ወይስ ልጥፉን ዝም ብሎ ያጠፋዋል? ማስታወቂያውን ከዜናው ይለያል? ይህን የሚያሟላ ቻናል ከብዙ ልፋት ያሳርፈናል። የማያሟላው ግን ተከታዩ ሚሊዮን ቢሆንም፣ ወሬውን አሳጠረልን እንጂ አላጣራልንም።