ሲፈለግ የማይገኝ መረጃ እንደሌለ ይቆጠራል

በሰሜን ሸዋ ደጋማ ወረዳዎች ባቄላ አምራቹን ከሚፈትኑት በሽታዎች አንዱ ቅጠልና ግንድ እያሳበጠ ተክሉን የሚያቀጭጨው ነው። በአካባቢው ጎልቶ መታየት የጀመረው በ2000ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ነው። አንዱ አርሶ አደር ቆርምድ ይለዋል፤ ሌላው ቆልስም ይለዋል። ተመራማሪው ደግሞ በእንግሊዝኛ ወይም በላቲን ስሙ ይጽፈዋል። ሦስቱም የሚያወሩት ስለ አንድ በሽታ ነው። ይሁን እንጂ የቀበሌው ባለሙያ በስልኩ ላይ “ቆልስም” ብሎ ቢፈልግ፣ “ቆርምድ” ተብሎ የተላከለትን ምክር አያገኘውም። እሱ ሲፈልግ በሽታው ማሳውን ያዳርሳል።

በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ የግብርና እውቀት እጥረት አለ ማለት ያስቸግራል። በአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሥር ያለው የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል በከተማዋ ይገኛል። ዩኒቨርሲቲውም እዚያው ነው። ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከአጋሮቹ ጋር ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ በባሶና ወራና ወረዳ በጎሼ ባዶና በጉዶ በረት ቀበሌዎች ከአርሶ አደሩ ጋር ሠርቷል፤ ያዘጋጃቸው ጽሑፎችም በድረ ገጽ ላይ ለማንም ክፍት ናቸው። የጎደለው እውቀቱ ሳይሆን፣ በሚያስፈልግበት ቀን እጅ ላይ የሚገባበት መንገድ ነው።

ዛሬ በወረዳና በቀበሌ ባለሙያዎች መካከል መረጃ በብዛት የሚተላለፈው በቴሌግራም ነው። በአንዱ ቡድን ውስጥ የስብሰባ ጥሪ፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የማዳበሪያ ስርጭት ሪፖርት፣ የዋግ በሽታ ማስጠንቀቂያና የኖራ አጠቃቀም መመሪያ ተደበላልቀው ይወርዳሉ። በሰኔ የተላከው መመሪያ በመስከረም ሲፈለግ በመልእክት ክምር ሥር ተቀብሯል። ትጉ የሆነ ባለሙያ ለራሱ ቢያስቀምጠውም፣ ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ያጠራቀመው ሁሉ በስልኩ ውስጥ ሆኖ አብሮት ይሄዳል። ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል፤ አርሶ አደሩም ለዚያው ጥያቄ እንደገና ይጠብቃል።

መፍትሔው አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ሰው ያገኘውን ጠቃሚ ገጽ በዕልባት ለራሱ ብቻ ከማስቀመጥ ይልቅ፣ ባልደረቦቹ በሚያዩት ቦታ አኑሮ አጫጭር መለያ ቃላት ይሰጠዋል። እ.ኤ.አ በ2003 የተጀመረው ዴሊሽየስ የተባለ ድረ ገጽ ይህን አሠራር በዓለም ላይ አስፋፍቶታል። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ሃሽታግም የዚሁ ዘመድ ነው። “ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” እንደሚባለው፣ ሃምሳ ባለሙያዎች እያንዳንዳቸው አንድ ጥሩ መመሪያ ቢያስቀምጡ ወረዳው ሃምሳ መመሪያ ያለው ቤተ መጻሕፍት ይኖረዋል።

መለየት ምን ያህል እንደሚጠቅም አርሶ አደሩ ራሱ ያውቀዋል። በ2006 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የ8028 የነፃ ስልክ መስመር የሚሠራው መረጃን በሰብል ዓይነትና በሥራ ዓይነት ከፋፍሎ ነው። ደዋዩ ቁጥር እየተጫነ ወደሚፈልገው ምክር ይደርሳል። ምክሩ ሁሉ በአንድ ቅጂ ላይ ተደባልቆ ቢሆን ኖሮ ማንም እስከ መጨረሻው አያዳምጠውም ነበር።

በአማርኛ መለያ ቃል ሲሰጥ ግን ጥንቃቄ የሚሹ ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የፊደል ጉዳይ ነው። “ፀረ አረም” የሚለው በ“ፀ” ወይም በ“ጸ”፣ በ“አ” ወይም በ“ዓ” ሊጻፍ ስለሚችል ብቻ አራት መልክ አለው። ሁለተኛው በቃሉ ፊት የሚገባው ፊደል ነው። “ባቄላ”፣ “የባቄላ” እና “ለባቄላ” ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም ለሃሽታግ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ መለያው ባዶውን ስም ብቻ መያዝ አለበት። ሦስተኛው ክፍት ቦታ ነው። ሃሽታግ ክፍት ቦታ ሲያገኝ ስለሚቋረጥ፣ “ደብረ ብርሃን” በመካከሉ የሥር ሰረዝ ካልገባበት “ደብረ” ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ከዚህ በመነሣት እያንዳንዱ ወረዳ ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የጋራ መለያ ዝርዝር ሊያዘጋጅ ይገባል። ለአንድ መረጃ አራት መለያ ይበቃዋል፤ ሰብሉ ወይም እንስሳው፣ ችግሩ፣ የአየር ንብረቱና ዓመተ ምህረቱ። ለምሳሌ ባቄላ፣ ቆርምድ፣ ደጋ፣ ዘመኑ። በዝርዝሩ ላይ ከ“ቆርምድ” ጎን “ቆልስም” እና የሳይንሱ ስም ይጻፋሉ። የአርሶ አደሩ አጠራር ከዝርዝሩ ሊወጣ አይገባም፤ ጥያቄው የሚመጣው በእሱ አጠራር ነውና።

አምስተኛ መለያም ያስፈልጋል፤ መረጃውን ማን እንዳረጋገጠው የሚያሳይ። በስልክ የሚዘዋወር የኬሚካል ምክር ሁሉ ትክክል አይደለም። በመጠንም ሆነ በጊዜ የተሳሳተ ርጭት ገንዘብ ያባክናል፤ ሰውንም ንብንም ይጎዳል። የሰብል ጥበቃ ባለሙያው ያላየውን መመሪያ ማንም “የተረጋገጠ” ብሎ ሊያስቀምጥ አይገባም።

ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ባለሙያው ሥራ ይበዛበታል የሚል ቅሬታ ሊነሣ ይችላል። እውነትነት አለው። ሆኖም መረጃ ሲላክ አራት ቃል መጨመር ከአንድ ደቂቃ አይበልጥም። ኔትወርክ በማይደርስበት የአንኮበር ገደላማ ቀበሌ ደግሞ ይኸው ዝርዝር በአርሶ አደሮች ማሠልጠኛ ማዕከል ባለ መዝገብ ላይ ሊሠራ ይችላል። ለስልክ የሚሆን አከፋፈል ለወረቀትም ይሆናል። በእጁ የሚነካካ ስልክ ያለው የአርሶ አደሩ ልጅም በዚያው መለያ ለአባቱ ሊፈልግለት ይችላል።

ሌላው ሊዘነጋ የማይገባው፣ በሰው ቤት የተቀመጠ ንብረት ባለቤቱ በሩን ሲዘጋ አብሮ እንደሚዘጋ ነው። ዴሊሽየስ ከእጅ ወደ እጅ ሲሸጥ ቆይቶ እ.ኤ.አ በ2017 አዲስ ዕልባት መቀበል አቁሟል። ቴሌግራምም የወረዳው ንብረት አይደለም። በመሆኑም ዋና ዋና መመሪያዎች በየሩብ ዓመቱ ተገልብጠው በጽሕፈት ቤቱ ኮምፒውተር መቀመጥ አለባቸው።

ይህ ሁሉ ልዩ በጀት አይጠይቅም። የሚጠይቀው የግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊው አንድ ባለሙያ በደብዳቤ መመደቡንና ዝርዝሩን በሥራ ግምገማ ላይ መጠየቁን ነው። ባለሙያ ሲዛወር ማኅተምና ንብረት እንደሚያስረክብ ሁሉ፣ የሰበሰበውን መረጃም ለተተኪው ማስረከብ አለበት። የመኸር ባቄላ ሳይዘራ ዝርዝሩ ከተዘጋጀ፣ በሽታው በታየ ዕለት ባለሙያው መልስ ለመፈለግ ቀናት አይፈጅበትም።