ባክቴሪያን በሽታ ብቻ አድርገን አናስተምር

“ባክቴሪያ ምንድን ነው?” ብላችሁ አንድ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ጠይቁ። መልሱ ወዲያው “በሽታ!” ነው። ልጁ አልተሳሳተም፤ ያስተማርነው ግማሹን ብቻ ስለሆነ ነው። ስለ እጅ መታጠብ ማስተማራችን ደግ ነው። ግን ጅማ ተቀምጠን፣ ቡና እየጠጣን የቀረውን ግማሽ መተው አያምርብንም።

እስቲ ቡናው ማሳ ውስጥ እንግባ። ለቡናው ጥላ የሚሆኑት ሰሳና ብርብራ የባቄላ ዘመዶች ናቸው፤ ሥራቸው ላይ ባሉት ትናንሽ እባጮች ውስጥ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ከአየሩ 78 በመቶው ናይትሮጂን ቢሆንም ዛፍ እንዲሁ ሊመገበው አይችልም፤ አዘጋጅተው የሚሰጡት እነዚህ ናቸው። ቅጠሉ ሲረግፍም ሌሎች ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች አበስብሰው ለቡናው ይመልሱለታል። የጫካ ቡና ማዳበሪያ ሳይገዛለት የኖረው በዚህ ነው።

እሸት ቡና መፈልፈያውም ዘንድ አሉ፤ ፍሬው ላይ የቀረውን ሙጫ ገንዳ ውስጥ አብላልተው የሚያላቅቁት እነሱ ናቸው። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። ከ100 ኪሎ እሸት ቡና 40 ኪሎ ያህሉ ልጣጭ ነው። ልጣጩና እጣቢው ወንዝ ሲገባ ተሕዋስያኑ ይረባረቡበታል፤ የውሃውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል፤ ዓሣ ይሞታል፣ ውሃው ይሸታል። አየር ሳያገኝ ተቆልሎ ሲቀር ደግሞ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ የሚያወጡ ሌሎች ይመጣሉ። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ምድርን ያሞቃል። ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? እነሱማ ያገኙትን በሉ፤ ያለ ቦታው የደፋነው እኛ ነን። ያው ልጣጭ ከእበትና ከደረቅ ቅጠል ጋር ተደባልቆ፣ እየተገላበጠ አየር ቢያገኝ በወራት ውስጥ ጥሩ ኮምፖስት ይወጣዋል።

“ማይክሮስኮፕ በሌለበት ይህን እንዴት እናስተምራለን?” የሚሉ ጓደኞች አሉ። እኔ ግን ሰበብ ነው እላለሁ። አንድ የባቄላ ተክል ከነሥሩ ንቀሉና እባጩን በምላጭ ቁረጡት። ውስጡ ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራ ላይ ናቸው ማለት ነው። ልጁ በዓይኑ ያየዋል።

ነገ አጋሮም ተመደብን ሊሙ ገነት፣ ወይም የቡ፣ የምናስተምራቸው የቡና ገበሬ ልጆች ናቸው። ስለዚህ በመጪው የቡና ለቀማ ወቅት በግቢያችን አንድ የልጣጭ ኮምፖስት እንጀምር። ሳንሠራው ብናስተምረው ማን ያምነናል?