«ሴፍቲኔት»፦ ደመወዝ ወይስ ምጽዋት?

አንዳንድ የባዕድ ቃላት ወደ አገራችን የሚገቡት ትርጉማቸውን ከበር ላይ ጥለው ነው። «ሴፍቲኔት» ከእነዚህ አንዱ ነው። በሺንሺቾም ሆነ በአካባቢው የከምባታ ቀበሌዎች እንግሊዝኛ ያልተማረው አርሶ አደር ሁሉ ቃሉን ይጠራዋል፤ ትርጉሙን ሲጠየቅ ግን «እርዳታ» ማለቱ የተለመደ ነው። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም።

በእንግሊዝኛው ቃሉ የሰርከስ ተጫዋች ከከፍታ ቢወድቅ እንዳይሰበር ከሥሩ የሚዘረጋውን መረብ ያመለክታል። በእኛ ዘንድ መረብ የሚታወቀው በማጥመጃነቱ ነውና፣ ተርጓሚዎች ቃሉን እንዳለ መተዋቸው ባያስገርምም አልረዳንም። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገንም በ1981 እ.ኤ.አ. የማኅበራዊ አገልግሎት በጀት ሲቀንሱ፣ ለድኾች የተዘረጋው መረብ አይነካም እያሉ በዚሁ ቃል ተገልግለዋል።

በ1997 ዓ.ም. ወደ አገራችን ሲገባ «ልማታዊ» የሚል ቅጽል ተጨመረለት፤ ቁም ነገሩም እዚህ ላይ ነው። አረጋውያንና መሥራት የማይችሉ ወገኖች በቀጥታ ሲደገፉ፣ አብዛኞቹ ታቃፊዎች ግን የሚከፈላቸው እርከን ሠርተው፣ መንገድ ጠርገው፣ ችግኝ ተክለው ነው። በመነሻው ስሌት የአንድ ቀን ሥራ ዋጋ 3 ኪሎ እህል ወይም ግምቱ በገንዘብ ሲሆን፣ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር 5 ቀን፣ ማለትም 15 ኪሎ ይታሰብ ነበር።

የከምባታና የሐድያ ሕዝብ ደግሞ ለጉልበት ዋጋ እንግዳ አይደለም፤ ልጆቹ ወንጂ ወርደው ለብዙ ዘመን ሸንኮራ ቆርጠዋል። የወንጂው ሠራተኛ የተቀበለውን ደመወዝ ብሎ ይጠራዋል፤ ድንጋይ ተሸክሞ እርከን የካበው ወንድሙ ግን የላቡን ዋጋ እርዳታ ይለዋል። ልዩነቱ የስም ብቻ ነው ብለን አናምንም። ደመወዝ ሲዘገይ ይጠየቃል፤ እርዳታ ሲዘገይ ይለመናል።

ከፕሮግራሙ የሚወጣ ሰው «ተመረቀ» መባሉም እንዲሁ መመርመር አለበት። ጥሪት አፍርቶ ራሱን ከቻለ አባባሉ ትክክል ነው፤ ስሙ ከዝርዝር ስለተሰረዘ ብቻ ከሆነ ግን የተነሣው ከሥሩ ያለው መረብ ነው።

ስለዚህ የቀበሌ ማኅበራት አባላት በስብሰባቸው ላይ የክፍያው ዝርዝር ሲነበብ፣ ከእያንዳንዱ ስም ቀጥሎ የተሠሩት ቀናት ቁጥር አብሮ እንዲነበብ መጠየቅ ይገባቸዋል እንላለን።