ተመለሰ ብለን አንሳቅ

ባለፈው የዕረፍት ጊዜ ወደ ገበዝ ማርያም ወርደን ሳለን፥ በመስኩ ላይ የሰፈሩ ልጆች በጨርቅ ኳስ ሲጫወቱ አገኘናቸው። ከነርሱ አንዱ መካከል ቆሞ ግራና ቀኙን እያየ ማንም ላልጠበቀው ጓደኛው ያቀብል ነበር። ስሙን ብንጠይቀው «ጋቶች ነኝ» አለን። ትልልቆቹ «ያ ሩሲያ ሄዶ የተመለሰው!» ብለው ሳቁ። እኛም አብረን ሳቅን። በኋላ ስናስበው ግን በሳቃችን አፈርን።

የጋምቤላው ተወላጅ ጋቶች ፓኖም በ2009 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ቡና ተነሥቶ፥ በካስፒያን ባሕር ዳር በማካችካላ ከተማ ለነበረው ለአንዢ ክለብ ፈረመ። ክለቡ በዚያን ጊዜ በሩሲያ ከፍተኛ ሊግ ውስጥ ነበር። ጋቶች ብዙ ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ አንዢም ራሱ በ2014 ዓ.ም. ፈረሰ። ታዲያ «አልቻለም» ብሎ ለመፍረድ ይህ ይበቃልን? አጥቂ ኳስ ሲደርሰው ይመታል፤ አማካይ ግን ከፊቱም ከኋላውም ካሉት ጋር መግባባት አለበት። የሰዉን ቋንቋ የማያውቅ አማካይ አንደበት እንደሌለው ሽማግሌ ነው፤ እንዴት ያስታርቃል?

ችሎታማ አለን። በ1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ የወሰደው ቡድናችን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ አማካይ ነበረ። የሐዋሳው ሽመልስ በቀለም በግብፅ ሊግ ለፔትሮጄት ለዓመታት ተጫውቷል። የጎደለን መሰናዶ ነው።

ይህን የምንለው ከሩቅ ሆነን አይደለም። አብሮን ያደገ አንድ ልጅ ከስምንተኛ ክፍል ወጥቶ በአንድ የከተማ ክለብ ወረቀት ፈረመ። ምን እንደ ፈረመ አላነበበም። እግሩ ሲጎዳ ማሳከሚያ ቢጠይቅ «በውልህ የለም» ተባለ። ዛሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ ማረስ ነውር አይደለም፤ ነውሩ የኛ ነው። በዚያ ዓመት እኛ ማንበብ የምንችል ጓደኞቹ ቡሬ ከተማ ነበርን፤ «እስቲ ወረቀቱን አሳየን» ያለው ግን አልነበረም።

አንዳንድ ወላጆች ኳስ ልጅን ከትምህርት ያስወጣል ይላሉ። ሐሰት ነው አንልም። ነገር ግን ልጁ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ያስገደድነው እኛው ነን። መጽሐፉንና ኳሱን ያጣላናቸው እኛ ከሆንን፥ ልናስታርቃቸውም የሚገባን እኛ ነን።

ስለዚህ የፍኖተ ሰላም፥ የቡሬና የዙሪያው ገጠር ልጆች የሆንን ተማሪዎች በሚመጣው ክረምት ሦስት ነገር እንሥራ። ለሚጫወቱት ልጆች በሳምንት ሁለት ቀን እንግሊዝኛ እናስተምር። ውል ምን ማለት እንደ ሆነ፥ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክም፥ ደመወዝ ቢቀር ለማን አቤት እንደሚባል እናስረዳቸው። ሽማግሌዎችንም ለምነን በየቀበሌው የማይታረስ አንድ መስክ እናስከልል። ለዚህ ገንዘብ አያሻም፤ ከዕረፍታችን ጥቂት ሰዓት ይበቃል።

ያ መካከል የሚቆመው ልጅ ነገ ሄዶ ቢቀር ደስ ይለናል፤ ቢመለስም ወደ ቤቱ ነው። ዳሩ ግን የሚመለሰው ያላነበበውን ወረቀት ፈርሞ ከሆነ፥ ያን ጊዜ መሳቂያዎቹ እኛ ነን።