«ለእማዬ ውዱን ሌንስ!» ከማለታችሁ በፊት

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፤ የዓይን ሞራ ያለበትን ታካሚ ወደ ዓይን ሕክምና እልካለሁ። እዚህ ኮልፌ ብዙዎቹ ታዲያ ተመልሰው መጥተው «ዶክተርዬ፣ ልጄ ከአሜሪካ ዶላር ልካልኛለች፤ የቱን ሌንስ ላስገባ?» ይሉኛል። ልጆቹም ደውለው «ዋጋው ችግር የለውም፣ ምርጡ ይሁን» ይላሉ።

ሌንስ ግን እንደ ሶፋ በዋጋው አይመረጥም! አንዳንድ ቦታ እንደ ምግብ ሜኑ ዋጋው ተደርድሮ «የቱ ይሁንልዎ?» መባሉ ያናድደኛል።

የዓይን ሞራ ሲወጣ በደፈረሰው ሌንስ ምትክ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ሞኖፎካል የሚባለው አንድ ርቀት ብቻ አጥርቶ ያሳያል፤ ዳዊትም ሆነ ቁርኣን ለማንበብ አብዛኛውን ጊዜ መነጽር ያስፈልጋል። መልቲፎካል ሩቁንም ቅርቡንም ያሳያል፣ ዋጋውም ውድ ነው። «መነጽር ቀረልዎ» እየተባለ ይሸጣል። የማይነገረው ነገር ወደ ዓይን የሚገባውን ብርሃን ለተለያየ ርቀት የሚከፋፍል መሆኑ ነው። በዚህ ምክንያት ደብዘዝ ባለ ብርሃን አንዱን ነገር ከሌላው መለየት ይቀንሳል፤ ማታም በመብራት ዙሪያ ክብ ጸዳል ሊታይ ይችላል።

ጤነኛ ዓይን ይህን ሊችለው ይችላል። ግላኮማ የጎዳው ዓይን ግን ያንን የመለየት አቅም ቀድሞ አጥቷል። ስኳር ሬቲናውን የነካበትም እንዲሁ። እማማ ሲመሽ የኮብልስቶኑን ጠርዝ ካልለዩና ከወደቁ፣ ስልክ ያለ መነጽር ማንበባቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ግላኮማው ገና ጀማሪ ከሆነ ሐሳቡ ሊለያይ ይችላል፤ የሚወስነው ግን ምርመራው እንጂ የተላከው ገንዘብ አይደለም።

ሌላው የእኛ አገር ጉድ ትራኮማ ነው። በ1998 ዓ.ም. የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ የመጣ መሆኑን አሳይቷል፤ ቀጥሎ የመጣው ትራኮማ ነበር። ብዙ እናቶች ሁለቱንም ይዘው ይመጣሉ። ትራኮማ የዓይንን መስታወት ካጠበሰው የሌንሱን ቁጥር በትክክል መለካት ያስቸግራል። አስቲግማቲዝም ያስተካክላል የሚባለው ቶሪክ ሌንስም ለተዛባ ጠባሳ አይሆንም። የዓይን ፀጉራቸው ወደ ውስጥ ገብቶ በወረንጦ የሚያስነቅሉ ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽን እንዳይመጣ መጀመሪያ እሱ ይታከም።

«የዘመቻው ሌንስ ርካሽ ስለሆነ መናኛ ነው» የምትሉም ተሳስታችኋል። የህንዱ አውሮላብ እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ ጥሩ ሌንስ በርካሽ እያመረተ ለብዙ አገሮች ያቀርባል። ዋጋው የወረደው አመራረቱ ስለተለወጠ ነው።

ውጭ አገር ያላችሁ ልጆች፣ ዶላሩ ካለ ለሬቲና ምርመራና ለግላኮማ ጠብታ ላኩ። ጠብታው ዕድሜ ልክ ነው፤ ሲወደድ የሚያቋርጡት እነሱ ናቸው።

አለርትም ሆነ ምኒልክ ስትሄዱ የስኳር ደብተራቸውን፣ የጠብታውን ጠርሙስና የድሮ መነጽራቸውን ያዙላቸው። «ከሞራው ሌላ ዓይናቸው ውስጥ ምን አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አባታችሁ ለፕሮስቴት ታምሱሎሲን የሚወስዱ ከሆነ ወይም በፊት ወስደው ከነበረ ለቀዶ ሐኪሙ አስቀድማችሁ ንገሩ፤ መድኃኒቱ በቀዶ ሕክምናው ሰዓት የዓይኑ ብሌን በደንብ እንዳይከፈት ያደርጋል።