መድኃኒቱን ስጡን፤ ጠባዩንም ንገሩን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ሐኪሞችም ይህን ምሳሌ በሽተኛውን ለመገሠጽ ሲጠቅሱት ደጋግመን ሰምተናል። እኛ ግን ዛሬ ጥያቄውን ገልብጠን እናቀርበዋለን። በሽተኛው በሽታውን እንዳይደብቅ ከተመከረ፣ ጠባዩን የደበቀ መድኃኒትስ ምን ይባላል? መድኃኒቱ የሚያስከትለውን ሁሉ እያወቀ «ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ» ብሎ ብቻ የሚያሰናብት ባለሙያስ ምን ይባላል?

አቋማችን አጭር ነው። በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ሁሉ፣ ይልቁንም ጤነኛ ሴት ለዓመታት የምትወስደው የወሊድ መቆጣጠሪያ፣ ከጥቅሙ ጋራ ጣጣውም ለተጠቃሚው በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። መናገር ቸርነት አይደለም፤ ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ የማይከፍል ሐኪም፣ ፋርማሲስት ወይም ነርስ ሥራውን በግማሽ ሠርቷል ማለት ነው፤ ነገ ከእነዚህ ወንበሮች ተነሥተን የምንተካቸው እኛም ከዚህ ፍርድ ውጭ አይደለንም።

ይህን አሳብ ከፈረንጅ ተበደራችሁ የሚለን አይጠፋም። እኛ ግን ከጓሮአችን ወሰድነው እንላለን። ድሮ ኮሶ የሚጠጣ ሰው ምሬቱን፣ ቀድሞ መጾም እንዳለበት፣ ሆዱን እንደሚያጣድፈው፣ በዚያም ቀን ለሥራ እንደማይመች ተነግሮት ነበር የሚጠጣው። መድኃኒቱ ከባድ መሆኑን የሰጪውም የተቀባዩም ልብ ያውቀዋል። ፊደል አልቆጠረችም የምንላት አያት ያደረገችውን፣ አምስትና ስድስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ የተቀመጠ ባለሙያ ማድረግ እንዴት ያቅተዋል?

የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒን ታሪክ ራሱ የዝምታ ታሪክ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንጽፋለን።) በ1956 ኪኒኑ በብዙ ሴቶች ላይ መሞከር የተጀመረው በዋናው አሜሪካ ሳይሆን በፖርቶ ሪኮ፣ ሪዮ ፒዬድራስ በተባለ ስፍራ በሚኖሩ ድሆች ሴቶች ላይ ነበር። ሙከራውን በቦታው የመሩት ዶክተር ኤድሪስ ራይስ ሬይ፣ ከመቶ ሴቶች 17ቱ ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ ራስ ምታት፣ ማስታወክና የሆድ ሕመም እንደደረሰባቸው አስታወቁ፤ ጣጣው ስለበዛም ኪኒኑ ለሁሉ የሚስማማ አይደለም ሲሉ አስጠነቀቁ። የጥናቱ ባለቤቶች ግሪጎሪ ፒንከስና ጆን ሮክ ግን ብዙው ነገር ከሴቶቹ አእምሮ የመጣ ነው ብለው አለፉት። ሴቶቹም የሚውጡት ነገር ገና በሙከራ ላይ መሆኑ አልተገለጸላቸውም ነበር።

በ1960 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት መሥሪያ ቤት ኢኖቪድ የተባለውን ይህንኑ ኪኒን ለወሊድ መቆጣጠሪያ ፈቀደ። አንዷ ፍሬ ወደ 10 ሚሊግራም የሚጠጋ ፕሮጄስቲንና 150 ማይክሮግራም የኤስትሮጅን ዓይነት ነበራት፤ ዛሬ በብዛት የሚሰጡት ኪኒኖች የኤስትሮጅን መጠን ግን ከ20 እስከ 35 ማይክሮግራም ነው። ብዙም ሳይቆይ በእግር ደም ሥርና በሳንባ ውስጥ ደም የረጋባቸው ሴቶች ነገር መሰማት ጀመረ። በ1969 ባርባራ ሲማን የተባለች ጋዜጠኛ ጉዳዩን በመጽሐፍ አወጣችው። በጥር 1970 ሴናተር ጌይሎርድ ኔልሰን በአሜሪካ ምክር ቤት ምርመራ ከፈቱ፤ ነገር ግን ኪኒኑን ከወሰዱት ሴቶች አንዲቱም እንድትመሰክር አልተጠራችም ነበር። ወጣት ሴቶች ከአዳራሹ መካከል ተነሥተው «ለምን አልተነገረንም?» ብለው ጮኹ። በዚያው ዓመት መንግሥት ለተጠቃሚዋ የሚገልጽ ወረቀት ከኪኒኑ ጋራ እንዲሰጥ አዘዘ።

ጓደኞቻችን ሆይ፣ ይህን ልብ በሉ። ዛሬ በየካርቶኑ ውስጥ ታጥፎ የምናየው ወረቀት ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሴቶች ስለጮኹ የመጣ ነው። የመድኃኒቱም መጠን የተቀነሰው ጉዳቱ ስለተነገረ ነው። እነዚያ ሴቶች «ባለሙያው ያውቃል» ብለው ዝም ቢሉ ኖሮ 150 ማይክሮግራሙ ስንት ዓመት በቆየ ነበር? እንግዲህ ጉዳትን መናገር የመድኃኒት ጠላት ነው የሚለው ወሬ በታሪክ ፊት አይቆምም።

ሌላም እንጨምር። ታሊዶማይድ በ1957 በምዕራብ ጀርመን ያለ ማዘዣ እንኳን የሚሸጥ፣ ምንም ጉዳት የለውም የተባለ የእንቅልፍና የማስታገሻ መድኃኒት ነበር። በኅዳር 1961 ከገበያ እስኪነሣ ድረስ፣ እናቶቻቸው በእርግዝና ጊዜ ስለወሰዱት ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው ሳይሟላ ወይም ሌላ ጉዳት ይዘው ተወለዱ። ይህ ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘውን ቫልፕሮኤት ያስብ። በእርግዝና ጊዜ ይህን መድኃኒት ከወሰዱ እናቶች ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል። መድኃኒቱ ለብዙዎች ሕይወት ነው፤ ነገር ግን ልጅ ልትወልድ ለምትችል ሴት ይህን ሳይነግሩ መስጠት በምን ሕግ ይፈቀዳል?

አሁን ወደ ደጃችን እንምጣ። በአገራችን ብዙ ሰው የሚያውቀው የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ ላብንና እንባን ብርቱካናማ ቀይ ያደርጋል። ነገሩ ጉዳት የለውም። ያልተነገረው በሽተኛ ግን ሽንቱን አይቶ «ደም ሸናሁ» ብሎ ቢደነግጥና መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ይፈረድበታልን? ያቋረጠው ሰው በሽታው ይመለስበታል፤ መድኃኒቱንም የተለማመደ ተሕዋስ ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችላል። የአንዲት ዓረፍተ ነገር ስስት ይህን ያህል ታስከፍላለች።

ይኸው ሪፋምፒሲን ጉበትን አነቃቅቶ የወሊድ መቆጣጠሪያ ኪኒኑ ቶሎ ከሰውነት እንዲጠፋ ስለሚያደርገው፣ የኪኒኑ ኃይል ይደክማል። በክንድ የሚቀበረውም እንዲሁ ይደክማል። ከኤች አይ ቪ መድኃኒቶች መካከል ለብዙ ዓመታት በሰፊው ሲሰጥ የኖረው ኤፋቪሬንዝም በክንድ የሚቀበረውን ያዳክመዋል። አንዲት ሴት በአንድ ክፍል የሳንባዋን መድኃኒት፣ በሌላው ክፍል የወሊድ መቆጣጠሪያዋን ብትቀበል፣ ሁለቱ ክፍሎች ካልተነጋገሩ፣ እርሷም ካልተነገራት፣ ሳታስበው ታረግዛለች። ከዚያ በኋላ «በትክክል አልወሰድሽም» የሚባለው ለማን ነው? ለእርሷ! ጥፋቱ የማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ስለ መርፌውም እንናገር። በ2016 በተደረገው የአገሪቱ የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ካገቡት ሴቶች ከመቶ 36ቱ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር፤ ከእነዚህም ውስጥ 23ቱ በየሦስት ወሩ የሚወጋውን መርፌ የመረጡ ናቸው። መርፌው የወር አበባን ያዛባል፤ አንዳንዷን ለብዙ ቀናት ያደማታል፤ ብዙዎችን ደግሞ ጨርሶ ያቋርጥባቸዋል። ከተዉትም በኋላ እርግዝና ለመመለስ ወራት ይፈጃል። ረዥም ጊዜ ሲወሰድ የአጥንትን ጥንካሬ ስለሚቀንስ በ2004 አሜሪካ ከባዱን የማስጠንቀቂያ ጽሑፍ አስጽፋበታለች።

በመጽሐፉ ላይ «ቀላል» ተብሎ የተጻፈው ጣጣ በእኛ አገር ቀላል እንዳልሆነ ባለሙያዎቻችን ያውቃሉ። የደም መንጠባጠብ ለፈረንጅ ሐኪም የጨርቅ ወጪ ነው። ለእኛ እናቶች ግን፣ ለክርስቲያኗ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መቅረት፣ ለእስላሟም ሶላትና ጾም ማቋረጥ ሊሆን ይችላል። ደሟ የቀረባት ሴት «ደሙ በሆዴ ተጠራቀመ» ብላ ትሠጋለች፤ ባሏም አርግዘሻል ወይም መክነሻል ይላታል። «ደሙ አይጠራቀምም፤ የማሕፀንሽ ሽፋን ስለሳሳ ነው የሚፈስ ያልኖረው» ብሎ ለማስረዳት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሁለት ደቂቃ እንኳን አይሞላም።

ከግቢያችንም አንራቅ። ፖስትፒል የሚባለውን የድንገተኛ መከላከያ ኪኒን ከመካከላችን የማያውቀው የለም። በመድኃኒት ቤት መስኮት ገንዘብ ይገባል፣ ኪኒን ይወጣል፤ ቃል ግን አይወጣም። በ72 ሰዓት ውስጥ ቶሎ ሲወሰድ እንደሚሻል፣ በተወሰደ በሁለት ሰዓት ውስጥ ያስታወከች ሴት ድጋሚ መውሰድ እንደሚያስፈልጋት፣ የሚቀጥለውን የወር አበባ ሊያስቀድመው ወይም ሊያዘገየው እንደሚችል፣ ሪፋምፒሲንና ኤፋቪሬንዝ የሚወስዱ ሴቶች ላይ እንደሚደክም፣ ከኤች አይ ቪም እንደማይከላከል ማን ይነግራታል? ማንም! ስለዚህ በየመኝታ ክፍሉ ወሬ ይነግራታል። ወሬውም «ያመክናል» ይላል። ይህ ሐሰት ነው፤ ግን ሐሰትን የሚያነግሠው እውነት የሚናገር ሰው መጥፋቱ ነው።

ባሕር ተሻግረው የሄዱትም ወገኖቻችን ይህ ነገር ደርሶባቸዋል። በታኅሣሥ 2012 በእስራኤል ቴሌቪዥን በቀረበ ምርመራ፣ ከኢትዮጵያ የሄዱ ሴቶች ከጉዞአቸው በፊት በመጠባበቂያ ጣቢያ ስለተሰጣቸው መርፌ በበቂ እንዳልተገለጸላቸው፣ አንዳንዶቹም ግፊት እንደነበረባቸው ተናገሩ። በጥር 2013 የእስራኤል ጤና ሚኒስቴር ዋና ኃላፊ፣ ሴቲቱ የመርፌውን ነገር መረዳቷ ካልተረጋገጠ ማዘዣው እንዳይታደስ፣ አስፈላጊም ሲሆን አስተርጓሚ እንዲጠራ አዘዙ። በ2016 የአገሪቱ ዋና ተቆጣጣሪ ለግዴታው ማስረጃ አላገኘሁም ብለዋል። እኛም ያልተረጋገጠውን አናስተጋባም። ነገር ግን አስተርጓሚ መጥራት እንዲያስፈልግ ደብዳቤ መጻፍ ካስፈለገ፣ ቀድሞ ሳይነገር የታለፈ ነገር ነበር ማለት አይደለምን?

አሁን የተቃዋሚዎቻችንን ቃል እንስማ። የመጀመሪያዎቹ «ሕዝቡ አልተማረም፤ ጉዳቱን ከነገርነው ይፈራና ይተዋል» ይላሉ። ለዚህም የእንግሊዝን ነገር ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፤ በጥቅምት 1995 የእንግሊዝ መንግሥት አንዳንድ አዳዲስ ኪኒኖች የደም መርጋትን አደጋ በእጥፍ ያህል ይጨምራሉ ብሎ ባስታወቀ ጊዜ ብዙ ሴቶች ኪኒኑን ጣሉ፤ በ1996ም የውርጃ ቁጥር በብዙ ሺህ ጨመረ። ነገር ግን ይህ የመናገር ጥፋት ነውን? ዜናው ለብዙ ሐኪሞች ደብዳቤው ሳይደርሳቸው በጋዜጣና በቴሌቪዥን ተነዛ። «እጥፍ» ተባለ እንጂ የምን እጥፍ እንደሆነ ለሴቶቹ በወጉ አልተገለጸም። ያ በክፉ መናገር ነበር፤ የክፉ ንግግር መድኃኒቱ ደግሞ መልካም ንግግር እንጂ ዝምታ አይደለም።

መልካም ንግግር እንዲህ ነው። ኪኒን ከማይወስዱና ካላረገዙ 10,000 ሴቶች በዓመት ሁለት ያህሉ ደም ይረጋባቸዋል። ሌቮኖርጀስትሬል ያለበትን ድርብ ኪኒን ከሚወስዱ 10,000 ሴቶች ደግሞ ከ5 እስከ 7ቱ። በእርግዝናና ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት አደጋው ከዚህም ይበልጣል። ከ35 ዓመት በላይ ሆና የምታጨስ፣ የደም ግፊት ያለባት ወይም ዓይኗን እያብለጨለጨ የሚጀምር ራስ ምታት የሚይዛት ሴት ሌላ ዓይነት ትምረጥ። አንድ እግሯ ቢያብጥ፣ ደረቷን ቢወጋት፣ ትንፋሽ ቢያጥራት ሳትውል ሳታድር ሐኪም ቤት ትሂድ። ይህን መረዳት የሚያቅታት ኢትዮጵያዊት አለችን? ብድሯን፣ እቁቧንና እድሯን በቃሏ የምታሰላ እናት 2ን ከ7 መለየት አያቅታትም። ሕዝብን አልተማረም እያሉ ከእውቀት መከልከል፣ በድንቁርናው ላይ ቁልፍ መጨመር ነው።

ሁለተኛዎቹ ደግሞ «እንግዲያው የፈረንጅ መድኃኒት መርዝ ነው፤ ይቅርብን» የሚሉ ናቸው። ከእነዚህም ጋራ አንስማማም። ሪፋምፒሲን ስንቱን ከመቃብር አፍ መልሷል! ልጆቿን አራርቃ የወለደች እናት የራሷንም የልጆቿንም ዕድሜ ታተርፋለች። ጣጣን የምንናገረው መድኃኒቱ እንዲጣል አይደለም፤ በትክክል እንዲወሰድ፣ ለማይስማማውም ሰው እንዲለወጥለት ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህ ነው።

1ኛ፤ በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ ብቻ እየታጠፈ አይቅር። በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛና ሕዝቡ በሚናገራቸው ሌሎች ቋንቋዎች አጭር መግለጫ ይዘጋጅ፤ ማንበብ ለማይችለውም በቃል ይነገር።

2ኛ፤ የተከበራችሁ መምህራኖቻችን፣ የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪ የመድኃኒቱን ጣጣ በእንግሊዝኛ ስለዘረዘረ ብቻ አይለፍ። ለአንዲት ገበሬ በሚገባት ቋንቋ ማስረዳቱም ይፈተን። በላቲን ስም አሸብርቀን ወጥተን፣ «መርጋት» ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት ካቃተን ትምህርታችን ለማን ነው?

3ኛ፤ ጣጣ የደረሰበት ሰው ሲናገር «ምንም አይደል፣ ልመጂው» አይባል፤ ይመዝገብ። ከታሊዶማይድ ጥፋት በኋላ እንግሊዝ በ1964 ሐኪሞች የመድኃኒት ጉዳት የሚያስታውቁበትን ቢጫ ካርድ አወጣች። የእኛም የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ለዚሁ ሥራ ቢጫ ቅጽ አለው፤ አገራችንም ከ2008 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ደኅንነት ማኅበር አባል ናት። ቅጹ በመሳቢያ ውስጥ እንዲያረጅ አልታተመም።

4ኛ፤ እኛ ተማሪዎች የሌላውን ሥራ ብቻ እየጠበቅን አንቀመጥ። የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎች ከቋንቋ ተማሪዎች ጋራ ሆነው፣ በግቢያችን ስለሚበዙት መድኃኒቶች አንዳንድ ገጽ ያዘጋጁ፤ መምህራን ያርሙት፤ ይህም ጋዜጣ ያትመው።

አንድ መድኃኒት በሰው ደም ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚሠራ የማወቅ መብት ከሁሉ በፊት የባለ ደሙ ነው። የሚያውቅ ይናገር፤ የማያውቅ ይጠይቅ፤ ያልተነገረውም «ምን ያመጣብኛል?» ሳይል ከመስኮቱ ፊት አይነሣ።